ሐኪሙ ኦሜር ክሌማንና የአካዡ ርስት፦ የአንድ ቤተሰባዊ የሩም ድርጅት አመሠራረት

በካሪቢያን ባሕር በምትገኘው የፈረንሳይ ግዛት በማርቲኒክ፣ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ዳርቻ ካለችው ከለ ፍራንሷ ከተማ አጠገብ፣ አካዡ የሚባል የሸንኮራ አገዳ ርስት አለ። ይህን ርስት በ1887 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኦሜር ክሌማን የሚባሉ ሐኪም ገዙት። ስማቸው ዛሬ በብዙ አገሮች በሚሸጡ የሩም (ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣ ጠንካራ መጠጥ) ጠርሙሶች ላይ ታትሞ ይገኛል፤ ድርጅቱም ታሪኩን ሲተርክ «የአግሪኮል ሩም አባት» እያለ ያወድሳቸዋል። አግሪኮል ሩም የሚባለው ከስኳር ተረፈ ምርት ሳይሆን በቀጥታ ከአገዳ ጭማቂ የሚወጣው ነው። የዚህ ጥናት ዓላማ ሐኪሙ በእርግጥ የመሠረቱት ነገር ምን እንደሆነ ለይቶ ማሳየት ነው።

ርስቱ የተገዛው በ1887 ሲሆን የሩም ማውጫው የተሠራው በ1917 ነው። በሁለቱ መካከል 30 ዓመታት አሉ፤ መሥራቹ መጠጥ ማውጣት ሲጀምሩ ዕድሜያቸው 65 ደርሶ ነበር። የድርጅቶች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ከመጨረሻው ውጤት ተነሥቶ ወደ ኋላ ስለሚጻፍ፣ መሥራቹ ሁሉንም ነገር ከመነሻው አቅዶት የነበረ ያስመስላል፤ የክሌማን ጉዳይ ግን ሲመረመር ይህን አይደግፍም። እኔ እንደምረዳው ክሌማን የመሠረቱት አዲስ መጠጥ አይደለም። አንድ የአገዳ ርስት ከስኳር ፋብሪካ ጥገኝነት ተላቆ ራሱን ችሎ እንዲቆም የሚያስችል አሠራር ነው የመሠረቱት፤ እዚህም የደረሱት መሬቱን በክፉ ዘመን ይዘው በመቆየታቸውና የጦርነት ገበያ ሲከፈት ፈጥነው በመግባታቸው ነው።

ባርነት በተሻረ በአራተኛው ዓመት

ክሌማን የተወለዱት በ1852 ላ ትሪኒቴ በምትባል የማርቲኒክ ከተማ ነው። ፈረንሳይ በቅኝ ግዛቶቿ ባርነትን የሻረችው በኤፕሪል 27 ቀን 1848 በወጣ አዋጅ ሲሆን፣ የአዋጁ ወረቀት ውቅያኖሱን አቋርጦ ማርቲኒክ ከመድረሱ በፊት በባርነት የነበሩት ሰዎች ራሳቸው በሜይ 22 ተነሥተው አገረ ገዢው በማግሥቱ ነጻነታቸውን እንዲያውጅ አስገድደውታል። ስለዚህ ክሌማን ነጻነት ከታወጀ በኋላ የተወለደው የመጀመሪያው ትውልድ አባል ናቸው፤ በልጅነታቸው በዙሪያቸው የነበሩት ጎልማሶች ግን አብዛኞቹ ባርነትን በአካላቸው የሚያውቁ ነበሩ።

ነጻነቱ የመጣው ያለ መሬት ነው። በ1849 በወጣው ሕግ ካሣ የተከፈለው ዕድሜ ልካቸውን ያለ ደመወዝ ለሠሩት አልነበረም፤ ለጌቶቻቸው ነበር። ሰፋፊዎቹ የአገዳ እርሻዎችም በደሴቲቱ ቤኬ ተብለው በሚጠሩት የነጭ ሰፋሪ ቤተሰቦች እጅ ቀሩ። ነጻ ከወጡት መካከል ብዙዎች እርሻውን ትተው ወደ ኮረብታው ሲወጡ፣ ባለርስቶቹ የጎደላቸውን ጉልበት በኮንትራት ከሕንድ፣ ከአፍሪካና ከቻይና በመጡ ሠራተኞች ተኩት፤ ከሕንድ ብቻ ከ1853 ጀምሮ በነበሩት ሠላሳ ያህል ዓመታት ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ወደ ማርቲኒክ ተጭነዋል። ባርነት በሕግ ቢቀርም መሬቱ የማን እንደሆነና አገዳውን ማን ጎንበስ ብሎ እንደሚቆርጥ ብዙም አልተለወጠም።

በባለርስቶቹና በአገዳ ቆራጮቹ መካከል ሦስተኛ መደብ ነበር፦ የነጭና የጥቁር ዝርያ ያላቸው፣ አንዳንዶቹ ከ1848 በፊትም ነጻ የነበሩ፣ በእጅ ሥራ፣ በንግድና በትምህርት ራሳቸውን ያሳደጉ ቤተሰቦች። ክሌማን የዚህ መደብ ሰው ናቸው። መሬቱ ስለተያዘ ለዚህ መደብ ሰፋ ብሎ የተከፈተለት በር ትምህርት ነበር፤ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የማርቲኒክን ፖለቲካ የመሩት ጠበቆች፣ ሐኪሞችና ጋዜጠኞች በብዛት የወጡት ከዚህ ነው። ክሌማንም ሕክምና ተምረው በለ ፍራንሷ በሐኪምነት ሠሩ። በሦስተኛው የፈረንሳይ ሪፐብሊክ የማርቲኒክ ወንዶች ሁሉ የመምረጥ መብት ስለነበራቸው፣ በየቤቱ እየገባ የሚያክምና ስሙ በየመንደሩ የሚታወቅ ሐኪም ለሹመት ቅርብ ነበር፤ ክሌማንም የከተማዪቱ ከንቲባ ሆኑ።

ርስቱ ለገበያ የቀረበበት ዘመን

እንዲህ ያለው ሰው ሊገዛው የቻለው መሬት ለምን ዋጋው ወረደ? መልሱ ያለው አውሮፓ ውስጥ ነው። ከናፖሊዮን ዘመን ጀምሮ በፈረንሳይ ከስኳር ቀይ ሥር (ሹገር ቢት ከሚባለው ተክል) ስኳር የማምረት ሥራ በመንግሥት ድጋፍ ሲስፋፋ ቆይቶ ነበር፤ በ1880ዎቹ ደግሞ ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከፈረንሳይ የሚወጣው የቀይ ሥር ስኳር ገበያውን ስላጥለቀለቀው የዓለም የስኳር ዋጋ ወደቀ። የማርቲኒክ ባለርስቶች ከባርነት መሻር በኋላ እርሻቸውንና ማሽናቸውን ለማደስ የተበደሩት ገንዘብ ነበረባቸው፤ ዋጋው ሲወድቅ ዕዳው አነቃቸው። ለዘመናት ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ይተላለፉ የነበሩ ርስቶች ወደ አበዳሪዎችና ወደ ገዢዎች መሻገር የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው። የአካዡ ርስት ከነአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጌታ ቤቱ በ1887 ወደ ክሌማን እጅ የገባው በዚህ ቀውስ መካከል ነው።

ስለ ግዢው ሲወራ በገንዘብ ረገድ ብቻ መመልከት ስሕተት ይመስለኛል። ስኳር በወደቀበት ዓመት የአገዳ ርስት መግዛት በንግድ ሒሳብ ብቻ ቢመዘን አጠራጣሪ ውሳኔ ነው፤ ያውም በሙያው ኑሮውን ማሸነፍ ለሚችል ሐኪም። ነገር ግን ባርነት ከተሻረ 39 ዓመት ብቻ በሆነበት አገር፣ ቅይጥ ዝርያ ያለው ሰው ከኮረብታው ላይ ሆኖ እርሻውን የሚቃኘውን የጌታ ቤት መግዛቱ በሁሉም ዘንድ የሚነበብ ድርጊት ነበር። መሬት በማርቲኒክ የክብር መለኪያ ነበር፤ ትምህርትና ሹመት ያላቸው የክሌማን መደብ ሰዎች ያልነበራቸው ነገር ቢኖር እርሱ ነው። ይህም ባለርስቱ በዓመት ትርፍ ሳይፈተኑ መሬቱን ለሦስት አሥርት ዓመታት ይዘው ለምን እንደቆዩ ያስረዳል፤ የሐኪምነቱ ገቢ መኖሩም እንደ ቀድሞዎቹ ባለርስቶች ከዕዳ በታች እንዳይወድቁ ረድቷቸዋል ብዬ አስባለሁ።

አገዳው ግን የት ይሄድ ነበር? ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ በማርቲኒክ ማዕከላዊ የስኳር ፋብሪካዎች ተተክለው ነበር። ቀድሞ እያንዳንዱ ርስት በራሱ ወፍጮ ጨምቆ በራሱ ድስት ስኳር ያፈላ የነበረ ሲሆን፣ በእንፋሎት የሚሠራው ትልቅ ፋብሪካ ሲመጣ ትናንሾቹ ወፍጮዎች ቆሙና ርስቶቹ አገዳ አቅራቢ ብቻ ሆኑ። በወንጂ ዙሪያ አገዳ አምርተው ለፋብሪካ የሚያስረክቡትን የገበሬ ማኅበራት የሚያውቅ አንባቢ ግንኙነቱን ለመረዳት አይቸገርም። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ካልተጨመቀ ስኳሩ እየተበላሸ ይኮመጥጣል፤ ጎተራ አስገብቶ የተሻለ ዋጋ መጠበቅ አይቻልም። በአቅራቢያው አንድ ፋብሪካ ብቻ ካለ ደግሞ ዋጋውንም፣ የመረከቢያውን ቀንም፣ ሚዛኑንም የሚወስነው ፋብሪካው ነው። የአካዡ ባለርስት በመሬታቸው ጌታ ቢሆኑም ሰብላቸው ከእርሻው በር ከወጣ በኋላ ሥልጣን አልነበራቸውም።

ፌብሩዋሪ 1900

በዚህ አሠራር ውስጥ ከባለርስቱ በታች የነበረው ሰው፣ ማለትም አገዳ ቆራጩ፣ የባሰ ተጨቁኖ ነበር። የስኳር ዋጋ በወደቀ ቁጥር ፋብሪካው ለርስቶቹ የሚከፍለውን ይቀንሳል፤ ርስቶቹም ደመወዝ ይቀንሳሉ። በፌብሩዋሪ 1900 በሰሜናዊው የማርቲኒክ ክፍል የተጀመረው የእርሻ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ከርስት ወደ ርስት እየተዛመተ ወደ ደቡብ ወረደ። ሠራተኞቹ በቀን ሁለት ፍራንክ እንዲከፈላቸው ይጠይቁ ነበር። በፌብሩዋሪ 8 አድመኞቹ ለ ፍራንሷ ካለው የስኳር ፋብሪካ ሲደርሱ የፈረንሳይ ወታደሮች ተኮሱባቸው፤ ወደ አሥር የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ዜናው ፓሪስ ደርሶ በምክር ቤቱ ውስጥ ከፍተኛ ክርክር አስነሣ።

ይህ ድርጊት በድርጅቱ የክብር ታሪክ ውስጥ ሰፊ ቦታ አይሰጠውም፤ በእኔ አመለካከት ግን መሥራቹን ለመረዳት ከሚያስፈልጉ ነገሮች ዋናው ነው። ክሌማን የዚያች ከተማ ከንቲባ ነበሩ። ሥልጣን ላይ የወጡት በድሃው ድምፅ ነው፤ በዚያው ጊዜ ደግሞ አገዳ ቆራጮችን የሚያሠሩ ባለርስት ናቸው። የመደባቸው ፖለቲካ ከቤኬዎች ጋር እኩል መብትን ይጠይቅ ነበር፤ አድመኞቹ የጠየቁት ግን ከዚህ የተለየ፣ የዕለት ደመወዝ ነበር። ጥያቄው የቀረበውም ለቤኬው ባለርስት ብቻ ሳይሆን አገዳ ለሚያስቆርጥ ሁሉ ነው። ከዚህ ተኩስ በኋላ በማርቲኒክ ፖለቲካ ውስጥ የዝርያ እኩልነትን የሚያስቀድሙት ሪፐብሊካውያንና የሠራተኛውን ጉዳይ የሚያስቀድሙት ሶሻሊስቶች በግልጽ እየተለያዩ ሄዱ፤ ሐኪሙ ከንቲባ በዚህ መለያየት ውስጥ በቀድሞዎቹ ወገን የቆሙ ሰው ነበሩ። በ1902 ለፈረንሳይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠው እስከ 1906 በፓሪስ አገልግለዋል።

የሳን ፒዬር መጥፋት

ክሌማን በተመረጡበት በዚያው የጸደይ ወቅት፣ በሜይ 8 ቀን 1902፣ የፔሌ ተራራ ፈነዳ፤ የደሴቲቱ ትልቋ ከተማ ሳን ፒዬር በደቂቃዎች ውስጥ ጠፋች። የሞቱት ሰዎች ቁጥር ወደ 28 ሺህ ይገመታል። ለዚህ ጥናት የሚጠቅመን ሳን ፒዬር የሩም ዋና ከተማ እንደነበረች ማስታወስ ነው። በወደቡ አካባቢ የነበሩት ብዙ ማውጫዎች ሩም የሚያወጡት በዋነኛነት ከሞላሰስ ነበር፤ ሞላሰስ በስኳር ፋብሪካ ስኳሩ ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ነው። በእኛም አገር የአልኮል ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ከስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣውን ይህንኑ ሞላሰስ ነው። እነዚያ ማውጫዎች ከነባለቤቶቻቸውና ከነሠራተኞቻቸው በአንድ ጠዋት ጠፉ። ከዚያ በኋላ የማርቲኒክ ሩም ክብደት ቀስ በቀስ ከወደብ ወደ ገጠር ርስቶች፣ ከሞላሰስም ወደ አገዳ ጭማቂ ማዘንበል ጀመረ።

«የአግሪኮል ሩም አባት» የሚለው ማዕረግ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ከጭማቂ ሩም ማውጣት ከክሌማን በፊት በማርቲኒክ ይታወቅ ነበር፤ ርስቶች ለራሳቸውና ለሠራተኞቻቸው ፍጆታ ያወጡት ነበር። የስኳር ዋጋ ከወደቀ በኋላም ስኳር ማፍላቱን ትተው ጭማቂውን ሁሉ ወደ ሩም የለወጡ ባለርስቶች በደሴቲቱ ላይ ነበሩ፤ አካዡ ማውጫ ሲሠራ ብዙዎቹ ቀድመውት ሥራ ላይ ነበሩ። ስለዚህ ማዕረጉ እንደ ፈጠራ ምስክር ወረቀት ከተወሰደ አይጸናም። ክሌማን የሚመሰገኑበት ሌላ ነው፤ ያም በ1917 የታየው ውሳኔያቸው ነው።

ጦርነቱ የከፈተው ገበያ

በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የጀርመን ጦር የፈረንሳይን ሰሜናዊ ክፍል ያዘ። የአገሪቱ የስኳር ቀይ ሥር በብዛት የሚበቅለውና የቀይ ሥር አልኮል የሚወጣው በዚያ ነበር። ጦሩ ደግሞ አልኮል ያስፈልገው የነበረው ለመጠጥ ብቻ አይደለም። ጭስ አልባው የፈረንሳይ ባሩድ የሚሠራው ናይትሮሴሉሎስን (ጥጥ በአሲድ ተነክሮ የሚገኘውን ተቀጣጣይ ነገር) በኤተርና በአልኮል ድብልቅ በማላቆጥ ነው፤ ኤተሩም ራሱ የሚሠራው ከአልኮል ነው። በየቀኑ የሚተኮሰው መድፍና ጠመንጃ ሁሉ አልኮል ይበላ ነበር። በጉድጓድ ምሽግ ውስጥ ላሉት ወታደሮችም ሩምና ሌሎች ጠንካራ መጠጦች በራሽን ይታደሉ ነበር። በዚህ ምክንያት የማርቲኒክና የጎረቤቷ የጓድሉፕ ደሴት ሩም ተፈላጊነቱ ጨመረ፤ ዋጋውም ናረ።

ክሌማን በአካዡ የሩም ማውጫ ያሠሩት በ1917 ነው። በጦርነት ጊዜ ማሽን ማግኘት ከባድ፣ የባሕር መንገዱም በጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የተነሣ አደገኛ በሆነበት ዓመት ይህን ማድረግ ቆራጥነት ይጠይቃል። ነገር ግን መሬቱና አገዳው በእጃቸው ነበር፤ ሠራተኛውም እዚያው ነበር። የቀረው ወፍጮ፣ የማብላያ ገንዳ፣ ቦይለርና የማውጫ ዓምድ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለፋብሪካው ሲያስረክቡት የኖሩትን አገዳ በራሳቸው ግቢ ጨምቀው፣ የሚቀመጥና የማይበላሽ፣ በርሜል ገብቶም ዋጋ የሚጠብቅ ሸቀጥ አደረጉት። ጦርነቱን የፈለገው ማንም ባይኖርም፣ ርስቱ ከፋብሪካው ሚዛን ያመለጠው በጦርነቱ ምክንያት ነው።

ማውጫው እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት የውሳኔውን ብልኅነት ያሳያል። አገዳው በመከር ወራት፣ ከፌብሩዋሪ ገደማ እስከ ጁን፣ ተቆርጦ በጋሪ ይመጣና ተቆራርጦ በተከታታይ የብረት ሲሊንደሮች መካከል ያልፋል፤ በሚጨመቅበት ጊዜ ስኳሩ ሙጥጥ ብሎ እንዲወጣ ውኃ ይርከፈከፍበታል። ጭማቂው ተጠልሎ ወደ ገንዳ ይገባና እርሾ ተጨምሮበት አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ቀን ይብላላል፤ በዚህ ጊዜ የአልኮል መጠኑ ከመቶ አምስት ገደማ የሆነ፣ ኮምጠጥ ያለ ፈሳሽ ይሆናል። ከወፍጮው የወጣው የአገዳ ገለባ አይጣልም፤ ወደ ቦይለሩ ምድጃ ገብቶ ይነድዳል። ከእርሱ የሚገኘው እንፋሎት ወፍጮውንም ያዞራል፤ ማውጫውንም ያሞቃል። ስለዚህ ከሰል ከውጭ መግዛት ሳያስፈልግ፣ አንዱ አገዳ ጥሬ ዕቃም ነዳጅም ሆኖ ያገለግላል። ለአንድ መለስተኛ ርስት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ማውጫው ራሱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ውስጡ በሳህኖች የተደራረበ፣ ከመዳብ የተሠራ ዓምድ ነው። የተብላላው ፈሳሽ ከላይ ገብቶ ከሳህን ወደ ሳህን ይወርዳል፤ እንፋሎቱ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል። ሁለቱ በየሳህኑ ሲገናኙ አልኮሉ ከውኃው ቀድሞ ስለሚተን ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ እየጠነከረ ይሄድና በማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ አልፎ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል። በእኛ አገር አረቄ ሲወጣ ድፍድፉ በአንድ ጊዜ ተጥዶ፣ ኃይሉ ሲያልቅ ተደፍቶ፣ ጋኑ እንደገና ይሞላል፤ ዓምዱ ግን ያለ ማቋረጥ እየተቀበለና እየሰጠ ቀንና ሌሊት ይሠራል። የሚወጣው ሩም ከመቶ 70 ገደማ አልኮል ያለው ሲሆን፣ የአገዳው የሣር ሽታ ጨርሶ አይጠፋበትም። ከዚያ በውኃ ተለሳልሶ ነጭ ሆኖ ይሸጣል፤ ወይም በኦክ በርሜል ገብቶ ለዓመታት ይቆያል።

የሐኪሙ ሞትና የልጃቸው ሥራ

ጦርነቱ ሲያበቃ ገበያው ተገለበጠ። የፈረንሳይ ወይን አምራቾችና የቀይ ሥር አልኮል አምራቾች ከቅኝ ግዛት የሚመጣው ሩም ገበያችንን ነጠቀን ብለው መንግሥትን ወጥረው ያዙ። በ1922 መጨረሻ በወጣ ሕግ ወደ ፈረንሳይ በዝቅተኛ ቀረጥ ሊገባ የሚችለው የቅኝ ግዛት ሩም መጠን ተወሰነ። ኮታው ለየግዛቱ፣ በየግዛቱም ውስጥ ለየማውጫው ይከፋፈል ስለነበር፣ ከሕጉ በፊት ሥራ ላይ የነበረ ሰው ድርሻ ሲያገኝ ዘግይቶ ሊጀምር ያሰበ ደጅ ቀረ። የ1917 ውሳኔ ሙሉ ዋጋው የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ክሌማን አምስት ዓመት ዘግይተው ቢሆን ኖሮ የቤተሰቡ የሩም ታሪክ ጨርሶ ባልኖረም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኦሜር ክሌማን በ1923 ሞቱ። ማውጫውን የመሩት ለስድስት ዓመት ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ከአካዡ ይወጣ የነበረው ሩም ደግሞ በአብዛኛው በበርሜል ለነጋዴ የሚሸጥ፣ በጠጪው ዘንድ ስሙ የማይታወቅ ሸቀጥ ነበር። ድርጅቱን ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ያቆሙት ልጃቸው ሻርል ክሌማን ናቸው። ሻርል የማውጣቱን ጥበብ ጠንቅቀው የተማሩና ጥራቱን ያሻሻሉ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ ሩሙን በጠርሙስ አድርገው፣ በአባታቸው ስም ሰይመው፣ ከደሴቲቱ ውጭ እንዲሸጥ አደረጉ። አባትየው የምርቱን ባለቤትነት ከፋብሪካው እጅ አወጡ፤ ልጅየው ደግሞ የስሙን ባለቤትነት ከጅምላ ነጋዴው እጅ አወጡ። በኮታ በተገደበ ገበያ ብዙ በመሸጥ ማደግ ስለማይቻል፣ በበርሜል ማቆየትና በስም መሸጥ ከአንዱ ሊትር የተሻለ ዋጋ የሚገኝበት መንገድ ነበር። የመሥራችነቱ ክብር ለአባት ብቻ መሰጠቱ በልጁ ፈቃድ የሆነ ቢሆንም፣ ጉዳዩን የሚያጠና ሰው ሁለቱን ሥራዎች ነጣጥሎ ማየት ይገባዋል።

ሻርል በ1973 ከሞቱ በኋላ ወራሾቻቸው ለአሥራ ሦስት ዓመት ያህል ሥራውን ይዘው ቆዩ። ያ ዘመን ለማርቲኒክ ማውጫዎች ሁሉ ክፉ ነበር፤ አገዳው እየቀነሰ፣ መሬቱ ለሙዝ እየተለቀቀ፣ ትናንሾቹ ማውጫዎች እየተዘጉ ነበር። በ1986 የክሌማን ቤተሰብ ድርጅቱንና ርስቱን በርናር አዮ ለሚመሩት የንግድ ቡድን ሸጠ። አዮ ከደሴቲቱ ነባር የቤኬ ቤተሰቦች የአንዱ አባል ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት ቅይጥ ዝርያ ያላቸው ሐኪም የገዙት የጌታ ቤት እንደገና ወደ ቤኬ ቤተሰብ እጅ ገባ ማለት ነው። ይህን የምጠቅሰው ሽያጩን ለመንቀፍ አይደለም፤ ሻጮቹ በነጻ ፈቃዳቸው ሸጠዋል፣ ገዢውም ስሙን ጠብቆ አስፋፍቶታል። ነገር ግን በማርቲኒክ ካፒታል የት እንደተከማቸና የመካከለኛው መደብ ባለርስትነት ምን ያህል አጭር ዕድሜ እንደነበረው ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም።

አዲሱ ባለቤት ርስቱን ለጎብኚ ክፍት አደረገው፤ የጌታ ቤቱም በታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ። በማርች 1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት እንዳበቃ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽና የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ፍራንሷ ሚትራን የተነጋገሩት በዚሁ ቤት ነው። በኖቬምበር 1996 ደግሞ የፈረንሳይ መንግሥት ለወይን የሚሰጠውን የትውልድ ሥፍራ ጥበቃ ለማርቲኒክ አግሪኮል ሩም ሰጠ፤ አገዳው በየትኞቹ ቀበሌዎች ሊበቅል እንደሚችል፣ ከዓምዱ የሚወጣው ሩም ከመቶ ከ65 እስከ 75 አልኮል እንዲኖረው፣ ያረጀ ለመባልም ቢያንስ ሦስት ዓመት በኦክ በርሜል መቆየት እንዳለበት በሕግ ተደነገገ። ይህ የሆነው የማርቲኒክ አምራቾች ለብዙ ዓመታት በኅብረት ስለደከሙበት ነው፤ የአንድ ቤት ሥራ አይደለም።

በአካዡ የነበረው ማውጫ ግን በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራውን አቁሟል። ወፍጮውና የእንፋሎት ማሽኖቹ ለጎብኚ ማሳያ ሆነው ቆመዋል፤ የበርሜል ማቆያው አሁንም እዚያው ይሠራል። በክሌማን ስም የሚሸጠው ሩም የሚወጣው እዚያው ለ ፍራንሷ ውስጥ ባለው በሲሞን ማውጫ ነው። በዚህ ሁኔታ ሐኪሙ በ1917 ያቋቋሙት፣ አገዳውን ከበቀለበት ርስት ሳያስወጡ ወደ ሩም የመለወጥ አሠራር፣ ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ በኢኮኖሚ ምክንያት ተዘግቷል፤ ሳይቋረጥ የቀጠለው ሻርል በጠርሙሱ ላይ ያኖሩት ስም ነው።